ፈቃድ ሰጪውስ ፈቃዱን የሚያድሰው መቼ ነው?

በገበያ ቀን ወረታ ላይ ለቆመ ሰው የግብርና መድኃኒት መሸጫ ሱቆች ከጨውና ከዘይት መሸጫው ባልተናነሰ ሰው ሲገባባቸውና ሲወጣባቸው ይታያሉ። በክረምት ለሩዝ አረም፣ በበጋ ለሽንኩርትና ለቲማቲም ተባይ መድኃኒት ፈልጎ የማይመጣ የፎገራ ሜዳ አርሶ አደር ጥቂት ነው። በየሱቁ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተከደኑ ወረቀቶች ተሰቅለዋል። አንዱ ከግብርናው ዘርፍ የተሰጠ የብቃት ማረጋገጫ ነው፤ ሌላው የንግድ ፈቃድ ነው። የንግድ ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል። ነጋዴው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ካላሳደሰ ቅጣት ይከተለዋል። ይህ ወቅት ሩዝ ከሚታረምበት እስከሚታጨድበት ያለው ወቅት መሆኑን ልብ ይሏል። ነጋዴውም አርሶ አደሩም በአንድ ወቅት ይሯሯጣሉ።

ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ስለ ነጋዴው ወረቀት አይደለም፤ ወረቀቱን ስለሚሰጠው አካል ነው። ነጋዴው በየዓመቱ “አሁንም ብቁ ነህ ወይ?” ተብሎ ይጠየቃል። ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤትስ “የሰጠኸው ፈቃድ አርሶ አደሩን ከጉዳት ጠብቆታል ወይ?” ብሎ፣ አስቀድሞ በታወቀ ቀን፣ በሕግ ግዴታነት የሚጠይቀው ማን ነው?

በልማት ሠራተኛነት፣ በኋላም በባለሙያነት ሜዳው ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ብቃት ለማረጋገጥ በተላኩ ቡድኖችም ውስጥ ገብቼ ሱቅ መዝኛለሁ። ስለዚህ የምናገረው ስለ ሌላ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም። ጥያቄው ግን ሥራ ላይ ሳለሁ አልመጣልኝም። የመጣልኝ የአጎቴ ሽንኩርት ሲቃጠል ነው።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ነው። የከተማውንም፣ የሱቁንም፣ የቢሮዎቹንም ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቦታ ብቻ ስላልሆነ። አጎቴ ሩዙን ካነሳ በኋላ ከወንዝ በሞተር ውኃ እየሳበ አንድ ቃዳ፣ ማለትም ሩብ ሔክታር፣ መሬት ላይ ቦምቤ ሽንኩርት ተከለ። ችግኙን ከመደብ አዛወረ፤ ለቤንዚን ተበደረ፤ ማዳበሪያ ጨመረ። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ሲጀምር ትሪፕስ ገባበትና ቅጠሉ እየነጣ ሄደ። አጎቴ ወደ ከተማ ወጥቶ አንድ ሱቅ ገባ። የሚሸጠው ልጅ ዕድሜው ከአሥራ ሰባት የዘለለ አይመስልም ነበር።

“አባባ፣ ለሽንኩርት ከሆነ ፍቱኑ ይሄ ነው” አለና ከትልቅ ጀሪካን ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ቀዳለት።

“በአንድ መርጫ ስንት ላግባበት ልጄ?”

“ሁለት ቆርኪ ይበቃል።”

ደረሰኝ አልተሰጠም፤ አጎቴም አልጠየቀም። በአራተኛው ቀን ሽንኩርቱ ተኛ። ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ሆነ፤ ሳምንት ሳይሞላ ገለባ መሰለ። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። የአረም መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ መጠኑ በዝቶም ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው ያለፈበትም ሊሆን ይችላል።

ያ ሱቅ ፈቃድ ነበረው። ነገሩን ሁሉ የቀየረብኝ ይህ ነው። ፈቃድ የሌለው ሕገ ወጥ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ “ሕጉ ይከበር” ብለን ባለፍነው ነበር። እዚህ ግን ወረቀቱ ተሟልቷል፤ ወቅቱን ጠብቆም ታድሷል። በወረቀቱ ላይ ስሙ የሰፈረው የዕፅዋት ሳይንስ ባለሙያ ግን ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ወረቀቱ ሱቅ ውስጥ፣ ባለሙያው ሌላ ቦታ። በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ይህን ነገር ስሙን ጠርተን “የባለሙያ ወረቀት ማከራየት” እንለዋለን፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሁላችንም አይተን እናልፈዋለን። እኔም አልፌአለሁ።

አጎቴ አቤት ለማለት ሞከረ። አንደኛው ጽሕፈት ቤት “እኛ ብቃት ነው የምናረጋግጠው፤ ሱቅ የሚያሽገው ሌላ ነው” አለው። ሌላው “የመድኃኒቱ ጉዳይ የባለሙያ ነው፤ ከባለሙያው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይምጣ” አለው። ደብዳቤው ሲለመን ደግሞ ናሙናውን የሚመረምር ላቦራቶሪ በቅርብ የለም ተባለ። ለአንድ ቃዳ ሽንኩርት ስምንት ቀን ተመላለሰ። በስምንተኛው ቀን “ልጄ፣ የቀረውን የጎመን መሬቴን ላጠጣ” ብሎኝ ተወው። አቤቱታው በየትኛውም ቢሮ መዝገብ ላይ እንዳልሰፈረ በኋላ አጣርቻለሁ። በዚያ ዓመት የቀረበው ሪፖርት ላይ የብቃት ማረጋገጫ አሰጣጡ ከዕቅድ በላይ መከናወኑ ተጽፎ አይቻለሁ። ሪፖርቱ ውሸት አልነበረም። የተሰጠው ወረቀት ብዛት በትክክል ተቆጥሯል።

ፈቃድ የሚባለው ነገር ለምን እንዳስፈለገ ከሥሩ ብናየው ነገሩ ይጠራል። ሰው ሽንኩርት ሲገዛ አይቶና ጨብጦ ነው። ጤፍ በእፍኝ ተዘግኖ ይታያል። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ግን አይታይም። ዘርም እንደዚያው ነው። በአንድ ጆንያ የሩዝ ዘር ውስጥ ሌላ ዝርያ መቀላቀሉ የሚታወቀው ሩዙ ዘለላ ሲያወጣ፣ አንዱ ሲደርስ ሌላው ገና አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር ነው። ያኔ ገንዘቡም ወቅቱም አልፏል። ስሙን ከጅግና ያገኘው ኤክስ-ጅግና ለብዙ ዓመታት የሜዳው ዋና ሩዝ ሆኖ ሲኖር ከእጅ ወደ እጅ ስንቴ እንደተቀላቀለ ገበሬው ራሱ ያውቃል። ወረታ ያለው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እንደ ፎገራ-1 እና ሻጋ ያሉ ዝርያዎችን ቢያወጣም፣ ዝርያው አርሶ አደሩ ጓሮ እስኪደርስ ድረስ ንጹሕ ሆኖ መቆየቱን የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልጋል። ላም የምትወጋው መርፌም አይታይም። ውኃ በሚተኛበት ሜዳችን ኩልኩልት ከብት ይጨርሳል። የጉበት ትል መድኃኒት ነው ተብሎ የተሰጠው እንክብል ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ባለ ላሟ የሚያውቀው ላሟ ስትሞት ነው።

እንግዲህ ገዢው ማየት የማይችለውን ነገር ስለ እርሱ ሆኖ የሚያይለት ሰው ያስፈልጋል። ፈቃድ ማለት ይኸው ነው፤ መንግሥት ስለ ገዢው ሆኖ ጠርሙሱን አየሁልህ ማለቱ ነው። ሳያይ አይቻለሁ ካለ ግን ፈቃድ ባይኖር ይሻል ነበር። ወረቀት የሌለበትን ሱቅ አጎቴ ይጠረጥረው ነበርና።

ሕግ አጥተን አይደለም። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መድኃኒት ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ፣ እሽጉና መለያ ጽሑፉም ሥርዓት እንዲይዝ ያዝዛል። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 አለ። የዘር አዋጅ አለ። በፋብሪካ እሽግ ላይ በመለያው ግርጌ የሚታየው ቀለም እንኳ ትርጉም አለው። ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ ከእርሱ ዝቅ ያለ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ እያለ ይሄዳል። ማንበብ የማይችል ሰው እንዲጠነቀቅ ታስቦ የተሠራ ነው። ሃይላንድ ጠርሙስ ግን ቀለም የለውም።

ሕጉን ማን መልሶ እንደሚያየው ስንጠይቅ ታሪኩ ወጣ ገባ ነው። የዘር አዋጅን እንውሰድ። በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 206 ወጣ፤ በ2005 በአዋጅ ቁጥር 782 ተተካ፤ እርሱም በ2015 በአዋጅ ቁጥር 1288 ተተካ። በአሥር ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ሕግ አውጪው ተመልሶ አይቶታል ማለት ነው። የ2005ቱ አዋጅ አንድ ትልቅ ነገር ለይቶ ነበር፤ አነስተኛ አርሶ አደሮች ከራሳቸው ማሳ ያስቀሩትን ዘር እርስ በርስ ቢለዋወጡ ወይም ቢሸጡ ሕጉ አይመለከታቸውም። ይህ አንቀጽ ባይኖር ኖሮ ለጎረቤቱ አንድ ቁና የሩዝ ዘር የሰጠ የሻጋ ወይም የናበጋ ገበሬ ሕገ ወጥ ዘር ነጋዴ በሆነ ነበር። ሕግ አውጪው ቁጭ ብሎ “ይህ ፈቃድ ማንን ይመለከታል፣ ማንንስ ሊመለከት አይገባም?” ብሎ ሲያስብ የሚገኘው ፍሬ እንዲህ ያለ ነው።

በፀረ ተባይ በኩል ግን ከአዋጅ 674/2002 በፊት የነበረው በደርግ ዘመን መጨረሻ የወጣ ልዩ ድንጋጌ ነው። በሁለቱ መካከል ሃያ ዓመት ገደማ አልፏል። በዚያ ሃያ ዓመት ውስጥ ፎገራ ሌላ አገር ሆነ። ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሩዝ ሆነ፤ ከሩዝ በኋላ የሞተር ፓምፕ መጣ፤ ከፓምፑ ጋር ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ከእነርሱ ጋር መድኃኒት መጣ። የሜዳው ኑሮ እየሮጠ ሕጉ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ዘርን በአሥር ዓመት፣ መድኃኒትን በሃያ ዓመት እንድናይ ያደረገን የታሰበበት ነገር አይደለም። አጋጣሚ ነው። መልሶ የማያ ቀን ስላልተቆረጠ ነው።

በሌሎች ሙያዎችም ያየነው ከዚህ አይለይም። የጤና ባለሙያዎችን ምዝገባ እንውሰድ። በ1994 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት በደንብ ተቋቋመ። በ2002 በአዋጅ ቁጥር 661 ሥራው ወደ ምግብ፣ መድኃኒትና ጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ገባ። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1112 ሲወጣ ባለሥልጣኑ ምግብና መድኃኒት ላይ እንዲያተኩር ተደርጎ የባለሙያው ጉዳይ ወደ ጤና ሚኒስቴር ዞረ። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ሦስት ቤት ማለት ነው። እያንዳንዱ ለውጥ ምክንያት ይኖረዋል፤ መጥፎ ነው አልልም። ነገር ግን በየዝውውሩ መካከል “የቀድሞው ቤት ምን ሠራ? ስንት አቤቱታ ተቀበለ? ስንቱን መለሰ? ታካሚውን ምን ጠቀመው?” የሚል ጥያቄ ሕዝብ ፊት ቀርቦ መልስ ሲሰጠው ተራው ሰው አልሰማም። ግብርናውም ሲዋቀርና ሲፈርስ የኖረ ዘርፍ ነው። ታፔላ መቀየርና ሥራን መመርመር ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር አይቶ አንድ ዘዴ ሞክሯል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1976፣ ቴክሳስ ደግሞ በ1977 የጀንበር መጥለቂያ ሊባል የሚችል ሕግ አወጡ። አሠራሩ ቀላል ነው። ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ሲቋቋም የሚያበቃበት ቀን አብሮ ይጻፋል። ቀኑ ከመድረሱ በፊት ምክር ቤቱ ቦርዱን ይመረምራል። የሚያስፈልግ ሆኖ ካገኘው አስተካክሎ ዕድሜውን ያራዝማል፤ ካላገኘው ጀንበሩ ትጠልቃለች። በቴክሳስ የምርመራው ዙር እንደ ልማድ 12 ዓመት ነው። የማስረዳት ሸክሙ የዞረበትን መንገድ ልብ በሉ። “ይህ ቦርድ ይፍረስ” የሚል ሰው ማስረጃ አምጣ አይባልም። “ይቀጥል” የሚለው ራሱ ቦርዱ ነው ማስረጃ የሚያመጣው።

ዘዴው ያለ እንከን አይደለም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። በ2019 የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች የቧንቧ ሠራተኞችን ፈቃድ የሚሰጠውን ቦርድ ጉዳይ በክርክር አድርሰው ሳይስማሙ ጉባኤያቸው ተበተነ። ቦርዱም ሊፈርስ ሆነ። በመጨረሻ አገረ ገዢው በትእዛዝ ዕድሜውን አራዘሙት። ማንም ሊያፈርሰው ሳይፈልግ በስንፍና ሊፈርስ የነበረ ቦርድ ማለት ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ቢሆንስ? የመድኃኒት ቁጥጥሩ አካል ሥልጣን በግንቦት መጨረሻ ቢያበቃና ምክር ቤቱ በወቅቱ ባይሰበሰብ፣ ሰኔ ላይ የሚዘራው ገበሬ ማንም በማይጠይቀው ገበያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የእነርሱን ሕግ እንዳለ ገልብጠን እንውሰድ አልልም። ከእነርሱ ልንወስድ የሚገባን ማፍረሱን ሳይሆን ቀኑን ነው። ቀኑ ሲደርስ መሥሪያ ቤቱ አይፈርስም፤ ምክር ቤቱ ግን ሳይመረምር ማለፍ አይችልም።

“ይህ አሁንም አለ” የሚል ባለሥልጣን እንደሚኖር አውቃለሁ። መሥሪያ ቤቶች ለምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ቋሚ ኮሚቴ የመስክ ምልከታ ያደርጋል፤ የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። እውነት ነው። እኔም ለምልከታ የመጡ የምክር ቤት አባላትን አስጎብኝቻለሁ። የት እንደወሰድናቸው ልንገራችሁ? ንጹሕ ወደሆነው ሱቅ ነው። ሪፖርቱንም የምንጽፈው እኛው ነበርን፤ መለኪያውንም የመረጥነው እኛው ነበርን። የመረጥነው መለኪያ ደግሞ የተሰጠ ፈቃድ ብዛት፣ የታደሰ ፈቃድ ብዛት፣ የተሰጠ ሥልጠና ብዛት ነበር። አባላቱ ለአንድ ቀን መጥተው ስለ መንገድም፣ ስለ ማዳበሪያም፣ ስለ ጤና ጣቢያም፣ ስለ እኛም ይጠይቃሉ። ለእኛ የደረሰን ሃያ ደቂቃ ነው። በሃያ ደቂቃ የባለሙያ ወረቀት መከራየቱ አይታይም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። የክልሉ ምክር ቤት በግብርና ዘርፍ የብቃት ማረጋገጫ ወይም የሙያ ፈቃድ የሚሰጥ እያንዳንዱን አካል በአንድ የምክር ቤት ዘመን ቢያንስ አንድ ጊዜ ሙሉ ምርመራ እንዲያደርግበት በሕግ ራሱን ያስገድድ። ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። ሁሉንም በአንድ ዓመት ማየት አይቻልም፤ በተራ ይሁን። አንድ ዓመት የፀረ ተባይ፣ በሚቀጥለው የእንስሳት መድኃኒትና የእንስሳት ሕክምና፣ ከዚያ ዘር። የመጨረሻው ዓመት ባዶ ቢቀር ይሻላል፤ ተመራማሪው አካል የታዘዘውን ማስተካከሉን ያዘዙት ሰዎች ራሳቸው ወንበራቸው ላይ ሳሉ እንዲያዩት።

ምርመራው ከመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት መነሳት የለበትም። ኦዲተር አለን። የዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤቶች የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የክዋኔ ኦዲትም ይሠራሉ፤ ማለትም ሥራው የታለመለትን ግብ መምታቱን ይመረምራሉ። ይህ ኦዲት ከምርመራው ዓመት በፊት ተሠርቶ ይጠብቅ። ሌላው ደግሞ ከሁሉ በላይ የማምንበት ነው፤ እንደ ተራ ገበሬ ለብሶ መግዛት። አሥር ሰው በአሥር ገበያ፣ ሱቁ ሳያውቀው፣ “የሽንኩርት መድኃኒት ስጠኝ” ብሎ ይግዛ። ስንቱ በጠርሙስ ቀዳ? ስንቱ ደረሰኝ ሰጠ? ስንቱ ሱቅ ውስጥ ስሙ ወረቀቱ ላይ ያለው ባለሙያ ተገኘ? የተገዛው ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለምልከታው ከሚወጣው አበልና ነዳጅ የሚበልጥም አይመስለኝም። የዚህ ውጤት ከመቶ ገጽ ሪፖርት ይልቅ ለምክር ቤቱ ይናገራል።

ከዚያም አርሶ አደሩ ይሰማ። አዳራሽ ውስጥ ተመርጦ የተጠራው ሞዴል አርሶ አደር ብቻ ሳይሆን ሰብሉ የተቃጠለበት፣ ንቡ ያለቀበት፣ ላሙ የሞተችበት ሰው። ንብ አናቢዎቻችን ቲማቲምና ሽንኩርት በሚረጭበት ወራት ቀፎአቸው ደጅ ላይ የሞተ ንብ እንደሚጠርጉ ስንት ጊዜ ነግረውናል። ንብ አናቢው መድኃኒት አልገዛም፤ ስለዚህ የማንም ደንበኛ አይደለም፤ አቤት የሚልበት መስኮትም የለውም። ምክር ቤቱ ካልሰማው ማን ይሰማዋል?

ምርመራ ሲባል ቁጥጥር ማጥበቅ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። አንዳንዱ ፈቃድ ሊላላ ይገባዋል። ብቃት ስንመዝን አብዛኛው ትኩረታችን ክፍሉ፣ መደርደሪያው፣ ማቀዝቀዣው፣ የወለሉ ሲሚንቶ ላይ ነበር። ይህ ሁሉ ገንዘብ ላለው ይቀላል። የገዛ ቀበሌው ገብቶ ከብት ላክም የሚል፣ ትምህርቱን በደንብ የጨረሰ፣ ሞተር ብስክሌትና አንድ የመድኃኒት ሳጥን ያለው ወጣት ግን ከተማ ላይ ክፍል ተከራይ ሲባል ይቀራል። ገንዘብ ያለው ነጋዴ የዚያኑ ወጣት ወረቀት በወር ተከራይቶ ሱቅ ይከፍታል። ልጁ እውቀቱን ሳይሆን ስሙን ሸጦ ይኖራል። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት፤ ቁጥሯ እየተመናመነ ባለበት ጊዜ ሐኪሟን ከቀበሌ ወደ ከተማ የሚስብ መመዘኛ ማውጣት ለማን ይጠቅማል? ለዚህ ወጣት ምናልባት ሙሉ ፈቃድ ሳይሆን ምዝገባና በየጊዜው የሚሰጥ የሥራ ላይ ምዘና ይበቃው ይሆናል። ለመርዝ ሻጭ ግን አይበቃም። የትኛው ለየትኛው እንደሚበቃ የሚለየው ጉዳቱን አይቶ ነው፤ መደርደሪያ ቆጥሮ አይደለም።

መመሪያዎቹም ይታዩ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አስታውቀው አስተያየት እንዲቀበሉ ያዝዛል፤ በመመሪያና በውሳኔ የተጎዳ ሰውም ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድበትን በር ከፍቷል። ወረዳ ላይ ግን ሱቅ የሚመዘንበትን ቅጽ ሸማቹ አይቶት አያውቅም። ቅጹን በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጅ ላይ መለጠፍ ምን ያስቸግራል? ገበሬው “ባለሙያ በአካል መገኘት አለበት” የሚለውን መስመር ቢያነብ ወይም ልጁ ቢያነብለት፣ ሱቅ ገብቶ “ባለሙያው የታለ?” ይል ነበር። የእኛን ሥራ ግማሹን በነጻ ይሠራልን ነበር።

አሁን ያለው የጸጥታ ሁኔታ ለዚህ አይመችም የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ተቆጣጣሪ ቀበሌ መድረስ የማይችልባቸው ወራት እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን ነገሩን በተቃራኒው ነው የማየው። ተቆጣጣሪው መድረስ ባልቻለበት ጊዜ የሚሰጠውና የሚታደሰው ወረቀት ምን ታይቶ ነው የታደሰው? ያልታየ ሱቅ ፈቃድ ከታደሰ ወረቀቱ የሚናገረው ያልተደረገ ነገር ነው። ቢያንስ “ይህ ሱቅ ዘንድሮ በአካል አልታየም” የሚል ማህተም ይደረግበት። ገበሬው ያውቀዋል፤ ይጠነቀቃል።

የወረዳ አመራሮች የክልሉን ሕግ እስኪጠብቁ መቀመጥ የለባቸውም። የወረዳ ምክር ቤት አባላት በሚቀጥለው ጉባኤያችሁ ግማሽ ቀን ለዚህ አንድ ጉዳይ ብቻ መድቡ። ግብርናውን፣ የእንስሳት ሀብቱን፣ ንግዱን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጧቸው፤ ለየብቻ ከጠራችኋቸው አንዱ በሌላው ያሳብባልና። ሪፖርት እንዲያነቡ አትፍቀዱላቸው። የአቤቱታ መዝገባቸውን ይዘው እንዲመጡ ብቻ ጠይቋቸው። መዝገብ ከሌለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። መዝገብ ካለና ባዶ ከሆነ፣ በሜዳው ላይ አንድም ሽንኩርት አልተቃጠለም ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በወረዳው ያሉ የመድኃኒት ሱቆችን ዝርዝርና የእያንዳንዱን ባለሙያ ስም ተቀበሉ፤ በማግስቱ በገበያ ቀን ዝርዝሩን ይዛችሁ ዙሩ።

ለአርሶ አደር ወገኖቼ ደግሞ የምለው ከአጎቴ የተማርሁትን ነው። እርሱ ዛሬ በጠርሙስ የተቀዳ መድኃኒት አይገዛም፤ የፋብሪካ እሽግ ከሌለ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከተማ ሲወጣ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች የልጅ ልጁን ይዞ ይሄዳል፤ መለያውንና ጊዜ ማለፊያውን እርሷ ታነብለታለች። ደረሰኝ ካልተሰጠው ገንዘቡን አይሰጥም። ደረሰኙን ከርጭቱ ቀንና ከማሳው ስም ጋር በአሮጌ ደብተር ውስጥ ያስቀምጣል። ባለፈው ስጠይቀው ደብተሩ ውስጥ አሥራ አንድ ደረሰኝ አለ። ካሳ ለመጠየቅ ነው ወይ ብዬው ነበር። “ካሳውን ተወው፤ አንድ ቀን የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ባዶ እጄን እንዳልቀርብ ነው” አለኝ።